ዲፓርትመንት ከመሙላትህ በፊት

ልጄ፣ የፍሬሽማን ዓመትህ ሊያልቅ ነው። በቅርቡ የትምህርት ክፍሎች ስም የተደረደረበት ወረቀት ይሰጥሃል፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያልክ ሙላ ትባላለህ። እኔ በደቡብ ኦሞ ጠመኔ ይዤ የሸበትኩ ሰው ነኝ። የአርቦሬን፣ የፀማይን፣ የሐመርንና የአሪን ልጆች ከፊደል አንስቼ አስተምሬአለሁ፤ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሲመለሱም አይቻለሁ። ሥራ የማይጠሉ፣ ጭንቅላት ያላቸው ልጆች ያንን ወረቀት አንድ ሻይ በሚጠጣበት ጊዜ ሞልተው ሲመልሱት ብዙ ጊዜ ታዝቤአለሁ። አንተም የአርቦሬ ልጅ እንደነሱ ጎበዝ ነህ፤ እንደነሱም ችኩል ነህ። ስለዚህ ጋደም ካልክበት ተነስና ረጋ ብለህ አንብበኝ።

1. ስሙን ሳይሆን ሥራውን ምረጥ። የዲፓርትመንት ስም ወረቀት ላይ ሲያዩት ያምራል። አንተ ግን የምትኖረው ከስሙ ጋር አይደለም፤ በየማለዳው ከሚጠብቅህ ሥራ ጋር ነው። የእንስሳት ሕክምና ብለህ ከመሙላትህ በፊት ሐኪሙ ከብት ሲያይ ቆመህ ተመልከት። በእኛ ቆላ ገንዲ የከብት ጠላት ነው። ሐኪሙ ጎህ ሲቀድ፣ ከብቱ ለግጦሽ ሳይሰማራ በረት ይደርሳል። ሁለት ጎረምሶች ላሚቱን ቀንዷንና ጅራቷን ይዘው ያቆሙለታል። ከጆሮዋ ሥር በቀጭን የመስታወት ቱቦ ጥቂት ደም ይወስድና ቱቦውን በትንሽ ማሽን ያሽከረክረዋል። ደሙ ሲለያይ የቀዩን መጠን ይለካል፤ ከቀዩ በላይ ያለችውን ስስ ነጭ ሽፋን ደግሞ በማይክሮስኮፕ ያያታል። ገንዲው ካለ እዚያ ውስጥ ሲወራጭ ይታየዋል። ከዚያ በኋላ ሥራው ከሰው ጋር ነው። ባለከብቱ ከገበያ የገዛውን መድኃኒት ራሱ በጥብጦ፣ በግምት ወግቶት ሊሆን ይችላል፤ በግምት የተወጋ መድኃኒት በሽታውን እንደሚያለምደው ሳያስቀይሙ ማስረዳት ያስፈልጋል። ፀሐይ ወጥታ ሳያልቅለት የሐኪሙ ሸሚዝ እበት በእበት ነው። ይህን ሁሉ አይተህ ልብህ ከሞቀ ግባበት። ሽታው ካስጠላህ ግን «ዶክተር» የሚለው ስም ብቻውን ስድስት ዓመት አያስቀምጥህም።

2. ባለሙያ ሳትጠይቅ አትሙላ። ጠይቆ የሄደ መንገድ አይጠፋውም። ጂንካን ትንሽ ከተማ ብለህ አታሳንሳት። ሆስፒታል አላት፣ ፍርድ ቤት አላት፣ የግብርና ምርምር ማዕከል አላት፣ ባንኮች አሏት፤ ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ተማሪ የሚቀበል ዩኒቨርሲቲ አላት። ኮረብታው ላይ ያለው የደቡብ ኦሞ ምርምር ማዕከል ደግሞ ሙዚየሙ ውስጥ የየብሔረሰቡን ዕቃና ጌጥ አኑሯል። ይህን ሁሉ የሚሠራው ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ በሥርዓት ሲጠየቅ ይመልሳል። ሰላምታህን አስቀድም፣ የማን ልጅ እንደሆንክ ተናገር፣ «ሩብ ሰዓት ይስጡኝ» በል። ስለ ማዕረጋቸው አትጠይቅ። ቀኑን ምን ሲሠሩ እንደሚውሉ፣ ከሥራቸው የትኛው እንደሚሰለቻቸው፣ ሲቀጠሩ ስንት ብር እንደተከፈላቸው፣ ዛሬ እንደገና ቢመርጡ ምን እንደሚመርጡ ጠይቅ። ሥራውን የወደደውን ብቻ አታናግር፤ የመረረውንም ፈልግ። ሁለቱ የተስማሙበትን ነገር እመነው። መልሱንም እዚያው ደብተርህ ላይ ጻፈው፤ ዶርም እስክትደርስ ግማሹ ይጠፋብሃል።

3. የዶርም ጓደኛህን ምርጫ አትገልብጥ። ወረቀቱ በወጣ ማታ «አብረን እንሙላ፣ አንለያይ» እንደሚባል አውቃለሁ። ጓደኛህ ግን ፈተናህን አይፈተንልህም፤ ከተመረቅህ በኋላም ሥራህን አይውልልህም። የሚወድድህ ከሆነ ሌላ ዲፓርትመንት ገብተህም ምሳ አብራችሁ ትበላላችሁ።

4. የዘመን ወሬ አይንዳህ። በዕድሜዬ ከፍ ብሎ ያልወረደ ሙያ አላየሁም። መምህር ሲባል ሰው ቆሞ የሚያሳልፈው ጊዜ ነበር። ቀጥሎ ሁሉም አካውንቲንግ አለ። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ መንግሥት ከ100 ተማሪ 70ው ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30ው ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲማር ሲወስን፣ ኢንጂነሪንግ ያልገባ ልጅ ሰነፍ ተደርጎ ይታይ ጀመር። አገሪቱ መሐንዲስ ያስፈልጋት ነበር፤ ሐሳቡን አልነቅፍም። ነገር ግን ሒሳብ እየጠሉ በድርሻ የገቡ ልጆች አምስት ዓመት ሙሉ ከራሳቸው ጋር ሲጣሉ ከርመው፣ ተመርቀው ሌላ ሥራ ያዙ። ዛሬ ደግሞ ወሬው ሁሉ ሶፍትዌር ነው። አንዲት ስህተት ፍለጋ ሌሊቱን ኮምፒውተር ላይ ተቀምጠህ የማይሰለችህ ልጅ ከሆንክ ያንተ ቦታ ነው። ምክንያትህ «ገንዘብ አለው ሲሉ ሰማሁ» ብቻ ከሆነ ግን፣ አንተ ሳትመረቅ ወሬው ይቀየራል።

5. የፍሬሽማን ኮርሶችን አትሽሻቸው። የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርት በ2012 ዓ.ም. ሲመለስ ብዙ ተማሪ «ዓመት ተጨመረብን» ብሎ አዘነ። እኔ ደስ አለኝ። ከዚያ በፊት ልጁ ከ12ኛ ክፍል በቀጥታ፣ አይቶት የማያውቀው ዲፓርትመንት ውስጥ ይገባ ነበር። አሁን አንትሮፖሎጂውን፣ ሳይኮሎጂውን፣ ሎጂኩን፣ የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን ጂኦግራፊ፣ ኢኮኖሚክሱን እያየህ ራስህን የምትመረምርበት አንድ ዓመት አለህ። ሞጁሉን ለፈተና ብለህ ያነበብከውን ሳይሆን፣ ፈተናው ካለፈ በኋላ መልሰህ የገለጥከውን አስተውል። የትኛው መምህር ክፍል ውስጥ እጅህን እንዳወጣህ፣ የትኛው ሰዓት ቶሎ እንዳለቀብህ አስብ። ሰው ስለ ራሱ ብዙ ነገር ያወራል፤ የሚያምነውን ነገር ግን ጊዜውን ያዋለበት ያሳያል።

6. ውጤትህም እንደሚመርጥልህ አትርሳ። ምድብ በምርጫ ብቻ አይሆንም። በአብዛኛው የፍሬሽማን ጂፒኤህና የ12ኛ ክፍል ውጤትህ ይታያል፤ ዲፓርትመንቱ ስንት ሰው እንደሚወስድም ይቆጠራል። አንደኛውን ሴሚስተር ተኝተህበት በሁለተኛው መጨረሻ ስትሯሯጥ፣ «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ያሉት ይደርስብሃል። ለሴቶችና ከአርብቶ አደር አካባቢ ለመጡ ተማሪዎች ልዩ ድጋፍ አለ ሲሉህ ከሰው አፍ አትስማው፤ ሬጅስትራር ሄደህ ደንቡን በዓይንህ አንብብ። የሚገባህ ከሆነ ተጠቀምበት፣ አትፈር። ድጋፉ በር ያስገባሃል እንጂ አይፈተንልህም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና ይቀመጣል፤ ማለፊያውም 50 ከመቶ ነው። እንግዲህ ገብተህ የምትዘልቅበትን እንጂ ገብተህ የምትታይበትን አትምረጥ።

7. የአገርህን ጎዶሎ እያየህ ምረጥ። የተማረ ሁሉ ተመልሶ አርቦሬ ይቀመጥ አልልም፤ መቀሌም አዲስ አበባም የእንጀራህ አገር ሊሆን ይችላል። ግን አንተ የምታውቀውን ችግር የሚያውቅ ተማሪ ክፍልህ ውስጥ ሌላ አታገኝም። የወይጦ ወንዝ ሞልቶ ሲወጣ፣ ከዚያ ውሃው ሲሸሽ፣ በተወው እርጥብ መሬት ላይ ማሽላ እንደሚዘራ ሳትማር ታውቃለህ። ውሃው የቀረ ዓመት ምን እንደሚሆንም ታውቃለህ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ዝናብ ወቅት በወቅት ሲቀር ከቦረና እስከ እኛ ድረስ ያለው ቆላ ከብቱን ገበረ። እዚህ ላይ ስንት ዲፓርትመንት እንዳለ ቁጠር፦ የትኛው ማሽላ ድርቁን ይችላል የሚለው የዕፅዋት ሳይንስ ነው፤ ጎርፉን ይዞ ለበጋ ማቆየት የውሃ ምህንድስና ነው፤ ከብቱ ሳይከሳ በጊዜ በደህና ዋጋ እንዲሸጥ ማድረግ ኢኮኖሚክስ ነው፤ ወደ ጨው ባሕር የሚወርደው አፈር ከየት እየታጠበ እንደሚመጣ መለካት የተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ ነው። ለውሃው ሩቅ አትሄድም፤ አርባ ምንጭ የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ በ1979 ዓ.ም. የተከፈተው ትምህርት ቤት ነው በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ የሆነው።

ለማሽላው ደግሞ የፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታን ነገር ልንገርህ። ወሎንኮሚ አካባቢ፣ የሣር ጎጆ ውስጥ ተወልደው፣ ትምህርት ቤት ለመድረስ በየሳምንቱ 20 ኪሎ ሜትር በእግራቸው ይሄዱ ነበር። ጅማ እርሻ ትምህርት ቤት፣ ከዚያ ዓለማያ እርሻ ኮሌጅ፣ ከዚያ አሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ገቡ። ዕድሜያቸውን የሰጡት እናትህ ለምታላቁጠው ለዚያው ማሽላ ነው። መጀመሪያ ሱዳን ውስጥ ድርቅ የሚችል ዲቃላ ማሽላ አወጡ። ቀጥለው አቀንጭራን ያዙ። አቀንጭራ አበባዋ የሚያምር፣ ከመሬት በታች ግን የማሽላውን ሥር ይዛ የምትመጠምጥ አረም ናት፤ ገበሬው ሲያያት ጉዳቱ አልቋል። ፕሮፌሰሩ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ማሽላው ከሥሩ የሚያወጣውን፣ አቀንጭራን ከእንቅልፏ የሚቀሰቅሳትን ነገር አጠኑ፤ ያንን እምብዛም የማያወጣ ዘርም አራቡ። በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማት ተሰጣቸው። ይህን የምነግርህ ሽልማት እንድትመኝ አይደለም። «እርሻ የሚመደበው ውጤት ያነሰው ነው» የሚል ልጅ ዶርምህ ውስጥ ስለማይጠፋ ነው።

8. ቋንቋህን እንደ ሸክም አትቁጠረው። ዩኒቨርሲቲ ገብተው አርቦርኛ መናገር የሚያፍሩ ልጆች አጋጥመውኛል፤ አዝኜባቸዋለሁ። እንግሊዛዊው የቋንቋ ምሁር ዲክ ሄይዋርድ የአርቦሬን ቋንቋ ሰዋስው አጥንተው በ1984 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አሳትመዋል። ባሕር ተሻግሮ የመጣ ሰው ግሱን በግስ፣ ድምፁን በድምፅ መዝግቦ መጽሐፍ ያወጣለትን ቋንቋ፣ አንተ ከጡት ጋር የጠባኸው ልጅ ልትሸሽገው ነው? ሊንጉስቲክስ የሚባል ትምህርት አለ፤ መዝገበ ቃላት፣ የልጆች ማንበቢያ፣ የጤና መልእክት የሚወጣው ከእሱ ነው። ሌላ ሙያ ብትይዝም ቋንቋህ አብሮህ ይሠራል። ሕፃን ታቅፋ ከጋንደራብ መንደር የመጣች እናት ጤና ጣቢያ ደርሳ ትኩሳቱ መቼ እንደጀመረ ስትጠየቅ በጣቷ ታመለክታለች፤ ነርሷ ሦስት ቀን ይሁን ሦስት ሳምንት አይገባትም። አስተርጓሚ ተብሎ የተጠራው ልጅ ደግሞ ሴትየዋ በወንድ ፊት የማትናገረውን ነገር ይዘልለዋል። በወባ አገር በሦስት ቀንና በሦስት ሳምንት መካከል ያለውን ልዩነት አንተ ታውቀዋለህ። ቋንቋውንም ሕክምናውንም የያዘ አንድ ሰው ቢኖር ያቺ እናት ከነመልሷ ነበር ቤቷ የምትገባው።

9. ማኅበራዊ ሳይንስ የደካማ መጠለያ ነው የሚልህን አትስማ። ሕግ አምስት ዓመት የሚያስነብብ ትምህርት ነው። አንትሮፖሎጂም ታሪክም በወሬ አይታለፍም። ሕግ ከማረከህ ክረምቱን ከሽማግሌዎች ሥር ተቀመጥ። በ1985 ዓ.ም. አርቦሬ ጎረቤቶቹን ጠርቶ በገዛ መሬቱ ላይ የሰላም ጉባኤ አድርጓል፤ ጦር ተቀብሯል። ኢቮ ስትሬከርና ዓሉላ ፓንክረስት ፊልም አድርገው አስቀርተውታል፤ ፈልገህ እየው። ማን ቀድሞ እንደሚናገር፣ ጥፋቱ በምን ቃል እንደሚነሳ፣ ጠላት የነበረው ሰው ሳይዋረድ እንዴት እንደሚታረቅ ያወቀ ልጅ፣ ፍርድ ቤት ውስጥ የግጦሽ ክርክር ሲመጣ የፍትሐ ብሔሩን አንቀጽ ከምን ጋር እንደሚያገናኘው ያውቃል። ችሎት ደግሞ ለሁሉም ክፍት ነው። ጂንካ ስትገባ አንድ ጠዋት ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥ። ብዙው ቀጠሮ፣ ብዙው ወረቀት፣ ብዙው መጠበቅ እንደሆነ ታያለህ። ቴሌቪዥን ላይ ያየኸውን ጠበቃ እዚያ አታገኘውም። ያንን መጠበቅ የምትችለው ከሆነ ሕግ ያንተ ነው።

10. ይህ ላንቺ ነው፣ ልጄ። ወንድምሽ ሲመርጥ «ምን ትፈልጋለህ?» ይባላል፤ አንቺ ስትመርጪ «ይቀልልሻል» እየተባለ ይመረጥልሻል። የሚቀልልሽን አንቺ እንጂ ሌላ አያውቅም። ዶክተር ሰገነት ቀለሙ ፍኖተ ሰላም ተወልደው ዓለማያ እርሻ ኮሌጅ ሲገቡ፣ ሴት ተማሪ በጣት የሚቆጠርበት ጊዜ ነበር። የዕፅዋት በሽታ አጠኑ፤ ኮሎምቢያ ድረስ ሄደው ብራኪያሪያ በሚባል የከብት መኖ ሣር ውስጥ የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ሣሩ በሽታን እንዲቋቋም እንዴት እንደሚረዱት መረመሩ። በ2014 እ.ኤ.አ. የሎሬያልና የዩኔስኮ የሴት ሳይንቲስቶች ሽልማት አገኙ። ነገሩ ሣር ነው፣ ልጄ፤ አንቺ ጥጃ ስትጠብቂ የረገጥሽው ሣር። በእኛ ቆላ ስለ ሣር አንቺ የምታውቂውን ከመጽሐፍ ያወቀ መምህር ጥቂት ነው። እርሻም፣ ሐኪምነትም፣ ምህንድስናም ብትሞዪ ክፍሉ ውስጥ ብቸኛ ሴት ሆነሽ ልትቀመጪ ትችያለሽ። ከፊት ወንበር ተቀመጪ። ያልገባሽን እዚያው ጠይቂ። ሲኒየር ሴት ተማሪዎችን አስቀድመሽ ተዋወቂ፤ የትኛው መምህር በደንብ እንደሚያስረዳ፣ የትኛው ላብራቶሪ ማታ እንደሚያመሽ፣ ወደ ዶርም ከማን ጋር እንደሚመለሱ እነሱ ያውቃሉ።

11. ከአባትህ ጋር ሳትነጋገር አትሙላ። ለመንገድህና ለልብስህ በሬ ሸጧል፤ በሬ የሚያህል ነገር ለማያውቀው ትምህርት የሰጠ ሰው ማብራሪያ ይገባዋል። «አግሪቢዝነስ» ብትለው ፈርቶ ዝም ይልሃል፤ ዝምታውን ፈቃድ አታድርገው። በቋንቋችሁ፣ «ከብትና እህል እንዴት ደህና ዋጋ እንደሚያወጣ የሚያስተምር ነው፤ ስጨርስ እዚህና እዚያ ልቀጠር እችላለሁ፤ ካልሆነ ራሴ እንዲህ ልሠራ አስባለሁ» ብለህ ዘርዝርለት። እሱ ወረዳ ላይ ወንበር ይዘህ ማየት ይፈልግ ይሆናል። አትቆጣው፣ አትዋሸውም። የአርቦሬ ሽማግሌ ልጁ ምክንያት ይዞ ሲመጣ ያዳምጣል። ስላንተም አንተ የረሳኸውን ያስታውሳል፤ ልጅ ሳለህ የሞተ ሬዲዮ ትፈታ ነበር ወይስ የታመመ ፍየል ስታስታምም ታድር ነበር?

12. ዓመቱንም ብሩንም ቁጠር። ብዙው ትምህርት ከነፍሬሽማኑ አራት ዓመት ነው፤ ኢንጂነሪንግና ሕግ አምስት፣ ሕክምና ከዚያም ይዘልቃል። ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ በወጪ መጋራት ስለምትማር የምትፈርመው ወረቀት ዕዳ ነው፤ ሳታነበው አትፈርም። ከዚያ አሁኑኑ የሥራ ማስታወቂያ ማንበብ ጀምር። ሪፖርተርንና አዲስ ዘመንን አገላብጥ፤ የዞኑንና የወረዳውን ማስታወቂያ ሰሌዳ አንብብ። አንድ ሴሚስተር ሙሉ በየሳምንቱ ምን ዓይነት ሙያ እንደተጠየቀ፣ ስንት ዓመት ልምድ እንደተፈለገ፣ ደመወዙ ስንት እንደሆነ ደብተርህ ላይ አስፍር። «ዜሮ ዓመት» የሚሉ ማስታወቂያዎች የት እንደሚበዙ ታያለህ። አንዳንድ ትምህርት ተመራቂው ብዙ፣ ማስታወቂያው ጥቂት ነው፤ ይህንን አውቀህ ብትገባበት አልቃወምህም፣ ሳታውቅ ግን አትግባ። ገንዘብ ከፍለህ ሥራ እናስገባሃለን የሚልህን የቴሌግራም ቻናል አትጠጋው።

13. ቴክኒክና ሙያን የወደቀ ሰው ማረፊያ አድርገህ አትይ። መንደር ውስጥ የውሃ ፓምፕ ተበላሽቶ ሴቶቹ ጀሪካን ተሸክመው ወደ ወንዝ ሲመለሱ፣ የሚፈለገው ዲግሪ የያዘ ሰው አይደለም፤ ፓምፑን የሚፈታና መለዋወጫውን የሚያውቅ ሰው ነው። የሶላር ገጠማው፣ የሞተር ብስክሌት ጥገናው፣ ብየዳው ደረጃ በደረጃ ይሠለጠንበታል፤ የብቃት ምዘናውን (ሲኦሲ) ተፈትነህ ታልፋለህ፣ እንጀራም ይበላበታል። ለታናሽ ወንድምህም ይህንን ንገረው።

14. ክረምትህን አትተኛበት። በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ብሎ ተማሪዎቹን ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቱ መላክ ጀምሮ ነበር። አብዛኞቹ አስተማሩ። ያ ዓመት ማስተማር ይሆነኛል ወይስ አይሆነኝም የሚለውን ከማንኛውም ምክር በላይ ይመልስ ነበር። ዛሬ የሚልክህ ባይኖር ራስህን ላክ። ሐምሌና ነሐሴን ጤና ጣቢያ ካርድ በማውጣት፣ ከግብርና ልማት ሠራተኛው ጋር ማሳ ለማሳ በመዞር፣ ወይጦ ከተማ ካለ ጋራዥ መፍቻ በማቀበል አሳልፍ። ክፍያ ባይኖረው አይክፋህ። ቱርሚና ጂንካ ላይ ቱሪስት የሚያስጎበኙ ልጆች አሉ፤ ቱሪዝም ልማር ካልክ ከእነሱ ጋር ሁለት ሳምንት ዋል። እንግዳው ፎቶ አንስቶ ሲሄድ መንደሩ ውስጥ ማን እንደተደሰተና ማን እንደተቀየመ አስተውል። ያ ቅያሜ እንዴት ይስተካከላል የሚለው ጥያቄ እንቅልፍ ከነሳህ የምትማረውን አግኝተሃል።

15. ያልመረጥከው ቢደርስህ አትሰበር። አንደኛህ ላይ ብቻ ልብህን ጥለህ ሁለተኛና ሦስተኛውን በዘፈቀደ አትሙላ፤ ብዙ ልጅ የሚማረው ሦስተኛውን ነው። ስለዚህ እስከ አምስተኛው ድረስ ያለውን ሁሉ ጠይቀህ፣ አይተህ ሙላ። ምድቡ ከወጣ በኋላ ቅሬታ የሚቀርብበትና ዲፓርትመንት የሚቀየርበት ጊዜ አጭር ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ቀናት በኩርፊያ አታባክን፣ ሬጅስትራር ሂድ። ካልተሳካ አንድ ሴሚስተር ከልብህ ሥራበት። ባዮሎጂ ደረሰኝ ብሎ ያለቀሰ ልጅ ወባ የምታስተላልፈውን ትንኝ ማጥናት እንደሚችል፣ ጂኦግራፊ ደረሰኝ ብሎ የተከፋ ልጅ ደግሞ በሳተላይት ምስል የግጦሽ መሬት ካርታ መሥራት እንደሚችል ያወቁት ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው። በር የሌለው ዲፓርትመንት አላየሁም፤ በሩን ሳይፈልግ የተመረቀ ግን አይቻለሁ።

16. የምታውቀውን ለታናናሾችህ አድርስ። ከፊትህ የሄዱት ተመልሰው ቢነግሩህ ኖሮ እኔ ይህን ያህል ባልጻፍኩ ነበር። የመጀመሪያው ትልቅ ምርጫ የሚመጣው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አይደለም፤ 11ኛ ክፍል ላይ ተፈጥሮ ሳይንስ ወይስ ማኅበራዊ ሳይንስ ሲባል ነው። የአርቦሬ ልጅ ያንን የሚመርጠው ብዙውን ጊዜ ከቤቱ ርቆ፣ የሚጠይቀው ሰው ሳይኖር ነው። ለእረፍት ስትመጣ ከ9ኛና ከ10ኛ ክፍል ልጆች ጋር ተቀመጥ። ስለ ካፌውና ስለ ግቢው ኑሮ ያለውን ወሬ አሳጥርላቸው። ሞጁልህን አምጥተህ አስይዛቸው፤ ይግለጡት፣ ሥዕሉን ይዩት። ባለሙያ የጠየቅህባትን ያቺን ደብተርም አብረህ አምጣት፤ ገጾቹን ገልብጠው ይውሰዱ። ሒሳብና እንግሊዝኛ ካሁኑ ካልያዙ ኋላ ላይ የትኛው በር እንደሚዘጋባቸው ስም እየጠራህ ንገራቸው። ሴቶቹን ለብቻቸው አነጋግራቸው፤ በወንዶቹ ፊት አይጠይቁህም።